የጠቆረው ሥጋ በል ተክል፦ ጥፋቱ የጉርሻው አይደለም

ጥያቄ፦ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አፓርታማ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ለዘጠኝ ዓመቱ ልጄ በመጋቢት መጨረሻ ቬነስ ፍላይትራፕ የሚባለውን ዝንብ የሚይዝ ተክል ገዛሁለት። የመጣባት ዕቃ ጠባብ ስለነበረች ወደ ትልቅ የሸክላ መትከያ አዛወርኩት። ጥሩ ነው የተባለ የአበባ አፈርም ገዛሁ። በየቀኑ በማጣሪያ ጆግ የተጣራ ውሃ አጠጣዋለሁ። የተቀመጠው የኩሽና መስኮት ላይ ነው፤ ፊት ለፊታችን ሌላ ሕንጻ አለ። ልጄ አፉን በእርሳስ እየነካ ሲዘጋ ማየት ይወዳል። እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን መጥታ «ይሄ ምስኪን ርቦታል» ብላ ጥሬ ሥጋ አጎረሰችው። ከዚያ ወዲህ አፎቹ አንድ በአንድ እየጠቆሩ ነው። ከመሃሉ ደግሞ ረጅም ዘንግ አውጥቷል። እናቴ «እኔ ነኝ የገደልኩት» እያለች ተጨንቃለች። እውነት ሞቷል? ልጄንስ ምን ልበለው?

ምላሽ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ እናትሽን አረጋጊልኝ። ያቺ ጉርሻ አንድ አፍ አበላሽታ ይሆናል እንጂ ተክሉን አልገደለችውም። ከጻፍሽልኝ ነገር ውስጥ የእሳቸው ጥፋት አራተኛ ቢሆን ነው። ዋናው ተጠርጣሪ ያ «ጥሩ» የተባለው አፈር ነው። ቀጥሎ ውሃው፣ ከዚያ መስኮቱ። እርሳሱም ከደሙ ንጹሕ አይደለም።

ደግሞም የሞተ አይመስለኝም። ዘንግ የሚያወጣ ተክል ገና ትንፋሽ አለው። መሃሉን ጎንበስ ብለሽ እዪው። ከመሃል አረንጓዴ ቅጠል ብቅ እያለ ከሆነ፣ ዳር ዳሩ ቢጠቁርም ይድናል። የዳር ቅጠሎች ያረጁት ናቸው። በጤናው ጊዜም ቢሆን ይጠቁራሉ፣ ይረግፋሉ፤ በምትካቸው ሌላ ይወጣል። የሚያሳስበው ሁሉም በአንድ ጊዜ ጠቁረው መሃሉም ሲለሰልስ ነው።

ብዙ ሰው ይህን ተክል ከአማዞን ጫካ የመጣ ይመስለዋል። አይደለም፤ ጎረቤትሽ ነው። ከእናንተ ሰፈር ወደ ደቡብ ስድስት ሰዓት ገደማ ብትነጂ ዊልሚንግተን የምትባል የኖርዝ ካሮላይና ከተማ ትደርሻለሽ። ቬነስ ፍላይትራፕ ከዓለም ሁሉ በተፈጥሮ የሚበቅለው በዚያች ከተማ ዙሪያ፣ በሁለቱ ካሮላይናዎች የባሕር ዳርቻ ሜዳ ላይ ብቻ ነው። ቦታው አሸዋማና ረግረግ ነው፤ የጥድ ዛፎች ራቅ ራቅ ብለው ይቆማሉ፣ በየጊዜው እሳት ያልፍበትና ቁጥቋጦውን ያጸዳዋል። ስለዚህ ፀሐይ እንደ ልብ ነው። አፈሩ ግን ባዶ ነው። ዝናቡ ሲያጥበው ኖሮ ናይትሮጂንም ፎስፈረስም የለውም ማለት ይቻላል። ተክሉ ነፍሳት መያዝ የጀመረው ከዚህ ድህነት የተነሳ ነው። ሥሩ ከአፈር ያላገኘውን አፉ ከዝንብ ያገኛል።

እንግዲህ ይህን ተክል ወስደሽ ማዳበሪያ ያለበት አፈር ላይ ስታስቀምጪው ምን ይሆናል? ሁለት ወር ጾሞ በፋሲካ ሌሊት ክትፎና ዶሮ ወጥ ላይ የወደቀ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ። ሆዱ ምን እንደሚሆንም ታውቂያለሽ። ይህ ተክል ደግሞ ፆሙን ፈትቶ አያውቅም። ሥሩ ለማዳበሪያ ጨው አልተፈጠረም፤ ይቃጠላል። ውሃ መሳብ ያቅተዋል፣ ቅጠሉ ይጠቁራል። ባለቤቱ ደግሞ «ደከመ» ብሎ ሌላ ማዳበሪያ ይጨምርለታል!

የገዛሽው አፈር ከረጢት ካልተጣለ ጀርባውን አንብቢ። በሰረዝ የተለያዩ ሦስት ቁጥሮች ካሉበት ማዳበሪያ አለው ማለት ነው። «ለወራት ይመግባል» የሚል ጽሑፍ ካለበትም ያው ነው። ለቲማቲም፣ ለጽጌረዳ፣ ለበሶብላ ግሩም አፈር ይሆናል። ለዚህ ግን መርዝ ነው።

ይህን ስል ከላይ ሆኜ እየፈረድኩብሽ እንዳይመስልሽ። ግሪንሃውስ ውስጥ ሥራ በጀመርኩበት ዓመት አንድ ሙሉ ትሪ ሥጋ በል ችግኝ በአንድ ሳምንት ውስጥ ፈጅቻለሁ። ሁለት የውሃ ቱቦዎች ነበሩ፤ አንደኛው ንጹሕ ውሃ፣ አንደኛው ማዳበሪያ የተቀላቀለበት። ሁለቱም አረንጓዴ ናቸው። የትኛውን እንደከፈትኩ አንቺው ገምቺ። ቅጠሎቹ ከጫፍ ጀምረው ሲያሩ «ውሃ አንሷቸው ነው» ብዬ ያንኑ ቱቦ ደገምኩላቸው።

አሁን ወደ ሥራው። ዛሬውኑ ከሸክላው አውጪው። ነገ አትበይ። ሥሩን አትጎትቺ፤ አፈሩን በእጅሽ ፈርፍሪና የቀረውን በዲስቲልድ ውሃ፣ ማለትም ተንኖ በተጠራቀመና ማዕድን በሌለው ውሃ፣ እጠቢው። ሥሩ ጥቁር ሆኖ ታገኚዋለሽ። እንዳትደነግጪ፤ የዚህ ተክል ጤናማ ሥር ጥቁር ነው፣ ጫፉ ብቻ ነጣ ይላል። በዚህ ምክንያት ስንት ደህና ተክል ቆሻሻ ውስጥ ተጥሏል። ማየት ያለብሽ ከሥሩ በላይ ያለውን፣ ትንሽ ሽንኩርት የሚመስለውን ነጭ ግንድ ነው። ጠንካራና ነጭ ከሆነ እሰይ። ቡናማ ሆኖ በጣት ሲነካ የሚላሽቅ ከሆነ አልቆለታል። ከፊሉ ብቻ ከበሰበሰ የበሰበሰውን በንጹሕ ምላጭ ቁረጪና የቀረውን ትከዪ።

የምትተክዪበት ፒት ሞስ (ከረግረግ የሚወጣ፣ በከፊል የበሰበሰ ሣር መሰል ተክል) እና ፐርላይት (ቀላል ነጭ የድንጋይ ፍርፋሪ) እኩል እኩል የተቀላቀለበት ነው። ሁለቱም ለየብቻ ይሸጣሉ። ሁለቱም ከረጢቶች ላይ ማዳበሪያ አለመኖሩን አረጋግጪ፤ ፒት ሞስን ከማዳበሪያ ጋር አደባልቀው የሚሸጡ ብዙ ናቸው። ደረቅ ፒት ሞስ ውሃ እሺ አይልም፣ ከላዩ ላይ ያንሳፍፈዋል። ስለዚህ ሳትተክዪ በፊት ለብ ባለ ዲስቲልድ ውሃ እንደ ሊጥ አሽተሽ አርጥቢው። መትከያው ፕላስቲክ ይሁን፤ ታቹ ቀዳዳ ያለው፣ ቢያንስ አሥር ሴንቲ ሜትር የሚጠልቅ። ሸክላ ያምራል፣ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ውሃው በጎኑ ሲተን ጨዉ ግድግዳው ላይ ይቀራል፣ ቀስ በቀስም ወደ ሥሩ ይመለሳል።

ስለ ውሃው ትንሽ ልቆይ፤ ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች ግማሹ እዚህ ላይ ነውና።

የሻይ ማንቆርቆሪያሽን ክፈቺና ውስጡን እዪ። ታቹ ላይ የተጋገረ ነጭ ነገር አለ። እሱ ከቧንቧ ውሃሽ የመጣ ካልሲየምና ማግኒዥየም ነው። ለእኛ ምንም አይለንም። ለዚህ ተክል ግን እያንዳንዷ ጠብታ ትንሽ ትንሽ ጨው ትተውለታለች። ውሃው ይተናል፣ ጨዉ አፈር ውስጥ ይጠራቀማል። የጆግ ማጣሪያው የክሎሪኑን ጣዕም ይቀንሳል፤ የሟሟውን ማዕድን ግን አብዛኛውን አይነካውም። «አፍልቼ ባቀዘቅዘውስ?» ማፍላት አይፈታውም። «አሳድሬ ብሰጠውስ?» አድሮ የሚወጣ ክሎሪን ሊኖር ይችላል፤ ማዕድን ግን አድሮ የትም አይሄድም። የታሸገ የምንጭ ውሃም አይሆንም፤ ሰዎች የሚወዱለት ጣዕም የመጣው ከማዕድኑ ነው። አንድ ጓደኛዬ ጸበል ሰጥቶት ያውቃል። ጸበልም ቢሆን ከምንጭ ነው የሚቀዳው፤ ማዕድን አለበት።

የሚሆኑት ሦስት ናቸው፦ በጋሎን የሚሸጠው ዲስቲልድ ውሃ፣ በሪቨርስ ኦስሞሲስ ማሽን የተጣራ ውሃ፣ የዝናብ ውሃ። ባልኮኒ ካላችሁ ባልዲ አውጡ፤ ነፃ ነው። ቁጥር የምትወጂ ከሆነ ውሃ ውስጥ የሟሟውን ማዕድን የምትለካ፣ ቲዲኤስ ሜትር የምትባል ብዕር የምታክል ርካሽ መሣሪያ አለች። ውሃው ውስጥ ስትነክሪያት ከ50 በታች ካነበበች ስጪው።

አሰጣጡንም ቀይሪ። በየቀኑ ከላይ ማፍሰሱን ተዪው። መትከያውን ሰሃን ላይ አስቀምጪና ሰሃኑ ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ሴንቲ ሜትር ውሃ ጨምሪ። ከታች ራሱ ይስባል። ሰሃኑ ሊደርቅ ሲል ደግሞ ሙዪ። አለቀ።

መስኮቱስ? እዚህ ላይ ስሙ ነው ያሳሳተን። «ሥጋ በል» ስንል ምግቡ ሥጋ የሆነ መሰለን። የዚህ ተክል ምግብ እንደ ማንኛውም አረንጓዴ ተክል ፀሐይ ነው። ዝንቧ ቫይታሚን ናት በይው። ያለ ዝንብ ወራት ይቆያል፤ ያለ ብርሃን ግን ቀስ በቀስ ይሞታል። ፊት ለፊቱ ሕንጻ ያለው የኩሽና መስኮት ደግሞ ለእኛ ብሩህ ይመስላል እንጂ ለእሱ ጨለማ ቢጤ ነው። ምልክቱ ይኸውልሽ፦ ቅጠሉ ቀጥኖና ረዝሞ ከተኛ፣ የአፉ ውስጥም ቀይ ሳይሆን አረንጓዴ ከሆነ፣ ብርሃን አጥቷል። አንዳንድ ዝርያ በተፈጥሮው አይቀላም፤ ተራው ግን ፀሐይ ሲጠግብ የአፉ ውስጥ ደም ይመስላል።

ከሁሉ የሚሻለው ባልኮኒ ነው። በየቀኑ ለስድስት ሰዓት ያህል ቀጥታ ፀሐይ ካገኘ ሌላ ነገር አያሻውም፤ ዝንቡንም ራሱ ይይዛል። ግን ከጓዳ አውጥተሽ በቀጥታ የሰኔ ፀሐይ ላይ አትጣዪው፣ ይቃጠላል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ጠዋት ጠዋት ብቻ፣ ከዚያ እየጨመርሽ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ አለማምጂው። ባልኮኒ ከሌለ ወደ ደቡብ የሚያይ መስኮት። እሱም ከሌለ ነጭ የኤልኢዲ መብራት ከተክሉ ሃያ ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርገሽ ስቀዪና በቀን አሥራ አራት ሰዓት አብሪለት። ሰዓት የሚቆጥር ሶኬት ግዢበት፤ በእጅ እያበራሁ አጠፋለሁ ያለ ሰው በሦስተኛው ቀን ይረሳዋል።

አሁን ወደ አፉ፣ ማለትም ወደ እርሳሱና ወደ ጉርሻው። ልጅሽ ይህችን ክፍል ቢያነባት ደስ ይለኛል።

አፉ ሁለት ከንፈር አለው። እያንዳንዱ ከንፈር ውስጥ ብዙውን ጊዜ ሦስት ቀጫጭን ጸጉሮች ቆመዋል። ጸጉሩ አንዴ ቢነካ አፉ አይዘጋም፤ የዝናብ ጠብታ ሊሆን ይችላላ! በሃያ ሰከንድ ውስጥ ሁለተኛ ከተነካ ግን በሰከንድ አንድ አሥረኛ ውስጥ ግጥም ይላል። ታሪኩ እዚህ አያበቃም። የተያዘችው ዝንብ ትንፈራገጣለች፣ ጸጉሩን ደጋግማ ትነካለች። ንክኪው አምስት ገደማ ሲደርስ ተክሉ «እውነትም ምግብ ነው» ይልና የሚያሟሟ ፈሳሽ ማመንጨት ይጀምራል። ከንፈሮቹ ተጣብቀው እንደ ሆድ ይታሸጋሉ። ከሳምንት በኋላ፣ አንዳንዴ ቆየት ብሎ፣ ሲከፈት የዝንቧ ቅርፊት ብቻ ይቀራል። ይህ ተክል ይቆጥራል ማለት ነው፤ አእምሮ ሳይኖረው! ዳርዊን እንኳን በ1875 እ.ኤ.አ. ስለ ሥጋ በል እጽዋት መጽሐፍ ሲያሳትም ይህን ተክል ከዓለም እጅግ አስደናቂዎቹ መካከል መድቦታል።

ስለዚህ እርሳሱ ምን ያደርጋል? አፉ ባዶውን ይዘጋል። ለመክፈት አንድ ቀን ወይም ከዚያ በላይ ይፈጅበታል፤ ያወጣው ጉልበትም አይመለስለትም። አንድ አፍ በዕድሜው የሚዘጋው ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያ ጠቁሮ ይወድቃል። ልጅሽ በየቀኑ ሁሉንም አፎች ካዘጋቸው ዕድሜያቸውን በሳምንት ጨረሰው። አትከልክዪው ግን፤ የገዛሽው ለእሱ ነው። በወር አንድ አፍ፣ እሱም ምግብ ሲኖር ብቻ። ቀኑን ካላንደር ላይ ራሱ ይጻፍ።

ጉርሻው ደግሞ ሦስት ጥፋት አለበት። አንደኛ፣ ሥጋ አይንፈራገጥም። ስለዚህ ጸጉሩን የሚነካ የለም፣ አፉ አይታሸግም፣ የሚያሟሟው ፈሳሽ በቅጡ አይመጣም፣ ሥጋው እዚያው ይሸታል። ሁለተኛ፣ ስብ አለበት። ሦስተኛው መጠኑ ነው። እናትሽን አላውቃቸውም፤ ግን የእናት ጉርሻ ትንሽ ሆኖ አያውቅም። ለዚህ ተክል የሚሆነው የአፉን ሲሶ የሚያክል ነገር ነው። ከከንፈሩ ከወጣ አየር ይገባል፣ ይሻግታል፣ አፉ ይጠቁራል። «ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው» የሚለው አባባል እዚህ አይሠራም። የጠቆረውን አፍ በመቀስ ቆርጠሽ ጣዪው፤ ቅጠሉ አረንጓዴ ከሆነ ይቆይ፣ ብርሃን ይሰበስባል።

ዘንጉን ረስቼው ነበር። እሱ አበባ ነው። ቁመቱ የሚረዝመው ለአበባው የሚመጡት ነፍሳት ታች ባለው አፍ እንዳይያዙ ነው ይባላል። ጤነኛ ተክል ቢያብብ አይጎዳውም። የታመመ ግን ያለችውን ስንቅ ሁሉ አበባው ላይ ያፈሳል። ቁረጪው፤ ዛሬ ከምትሠሪው ሁሉ ፈጣኑ እሱ ነው። የቆረጥሽውን ዘንግ አትጣዪ። አምስት አምስት ሴንቲ ሜትር አድርገሽ ከፋፍዪና እርጥብ ፒት ሞስ ውስጥ ሰክተሽ ብርሃን ላይ አስቀምጪ። ሁልጊዜ አይሳካም፤ ሲሳካ ግን ከወራት በኋላ ከግርጌው ትንንሽ ተክሎች ይወጣሉ። ለልጅ ከዚህ የሚበልጥ የሳይንስ ክፍል የለም።

ስለ ክረምቱ አልጠየቅሽኝም፤ ግን በኅዳር መጠየቅሽ ስለማይቀር አሁኑኑ ልንገርሽ። ክረምት ስል የሐምሌን ጭቃ ሳይሆን የእናንተን በረዶ ማለቴ ነው። ይህ ተክል በብርድ ወራት ይተኛል። ከኅዳር እስከ የካቲት ሦስት አራት ወር፣ ከዜሮ እስከ አሥር ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ ቅዝቃዜ። አብዛኛው ቅጠል ይጠቁራል፣ የሞተ ይመስላል፤ ሰዎች የሚጥሉት ያኔ ነው። ማሞቂያ ያለበት ሳሎን ውስጥ ዓመቱን ሙሉ ካስቀመጥሽው እንቅልፍ እንዳጣ ሰው እየከሳ ይሄዳል። የማይሞቅ ደረጃ ወይም ጋራዥ ካለ መስኮቱ አጠገብ አስቀምጪው። ባልኮኒም ይሆናል፤ መትከያው ድርቅ ብሎ በረዶ እንዲሆን ግን አትፍቀጂ። ሁሉም ከሌለ ፍሪጅ አለ። ከአፈሩ አውጥተሽ፣ አጥበሽ፣ ስፋግነም ሞስ በሚባለው እርጥብ የረግረግ ተክል ጠቅልለሽ፣ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ከትተሽ በርበሬውና ቅቤው አጠገብ አስቀምጪው። በየሁለት ሳምንቱ ሻጋታ እንዳልያዘው እዪ። ከፍሪዘሩ ግን አርቂው።

ከአዲስ አበባ ይህን የምታነቡም አላችሁ። የእናንተ ችግር ሌላ ነው፤ የቀኑ ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ብዙም ስለማይለዋወጥ ፍላይትራፑ መቼ እንደሚተኛ ግራ ይገባዋል። ለእናንተ የምመርጠው ከደቡብ አፍሪካ ኬፕ የመጣውን ድሮሴራ ካፔንሲስ ነው። መተኛት አይፈልግም፣ ቅጠሉ ላይ ሙጫ የሚመስል ጠብታ አለው፣ ከእርጥብ አፈር የሚነሱትን ጥቃቅን ትንኞች ለቅሞ ይጨርሳቸዋል። የሐምሌን ዝናብ ከቆርቆሮው ቅዱለት፤ የመጀመሪያው ዝናብ አቧራውን ካጠበው በኋላ ነው ታዲያ። እህቴ፣ አንቺም ሁለተኛ ተክል ካማረሽ እሱን ግዢ። ይህ ሁሉ ሥጋ በል የፈረንጅ ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ በውሃ ውስጥ በጥቃቅን ከረጢቶች ነፍሳት የሚይዘው ዩትሪኩላሪያ እኛም አገር ይበቅላል። አበባውን አይታችሁት አልፋችሁት ይሆናል።

ልጅሽን ምን ትዪው? «ታሟል፣ እያከምነው ነው» በይው። አዲስ ቅጠል እስኪያወጣ አንድ ወር ከዚያም በላይ ሊፈጅ ስለሚችል ትዕግሥቱን ይስጠው። በእረፍቱ ወደ ዊልሚንግተን ብቅ ካላችሁ አጠገቧ ካሮላይና ቢች የሚባል የስቴት ፓርክ አለ፤ ውስጡ በዚሁ ተክል ስም የተሰየመ አጭር የእግር መንገድ አለ። ሳር ውስጥ ተደብቀው ስለሚበቅሉ ጎንበስ ብሎ መፈለግ ነው። መንካትም መንቀልም የለም፤ ከ2014 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ በኖርዝ ካሮላይና ከዱር መንቀል ከባድ ወንጀል ነው።

እናትሽ ደግሞ ከመመለሳቸው በፊት አንድ ጉርሻ ይገባቸዋል። አዲሱ አፍ ሲከፈት ለዓሣ ምግብ የሚሸጠውን ደረቅ ብለድዎርም የሚባል ቀይ ትል ግዢ። ቁንጥር አድርገሽ በዲስቲልድ ውሃ አርሺው፣ ጭምቅ አድርገሽ በስንጥር አፉ ውስጥ አስገቢ። ሲዘጋ አትተዪው፤ ዝንቧ እንደምትንፈራገጠው ከውጭ በኩል በሁለት ጣት ቀስ አድርገው ለግማሽ ደቂቃ ያሹት። እናትሽ ልጅ ሲያስተኙ እንደኖሩት ያህል፣ በዚያው እጅ።